ወናፍ የገጠምኩላት መኪና

ያን ቀን ጠዋት ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ፣ ነጭ ሸሚዜን ለብሼ፣ የመኪናዬን ኮፈን ከፍቼ፣ ሞተሩን አስነሥቼ፣ «ይኸ ማሽን አየር እንዴት እንደሚስብ ተመልከቱ» አልኩና ፊቴን ወደ አፉ አስጠጋሁ። አልሳበም፤ ተፋ። ሆዱ ውስጥ ስንት ዘመን ተኝቶ የኖረውን ዝገትና ጥላሸት ሁሉ ፊቴ ላይ ዘረገፈው። ዓይኔን ጠራርጌ ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት የጎረቤቶቼን ጥርስ ነው።

«ጋሼ፣ ከሰል መነገድ ጀመሩ እንዴ?» አለች ፊት ለፊታችን ያለችው ባለሱቅ።

«ተያቸው፣ አሁን ነው ከመኪናቸው ጋር የተመሳሰሉት» አለ ባሏ።

ነገሩን ላስረዳ። መኪናዬ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ብታንስ ነው። ጣሊያን ሠራሽ፣ ሰማያዊ፣ ሜዳ ላይ ሲነዷት ፈረስ የሆነች። ከኮምቦልቻ ደሴ ለመሄድ ግን የሐረጎን ዳገት መውጣት አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይሄዳል፣ አየሩ እየሳሳ ይመጣል፣ እሷም እንደ ባለቤቷ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐረጎ ላይ እሷ ያልቆመችበት ኩርባ፣ እኔም ያልተሰደብኩበት ኩርባ የለም።

ዕድሜዬን የፈጀሁት የመንገድ ሥራ ማሽን ስጠግን ስለሆነ ለዚህ በሽታ መድኃኒት እንዳለው አውቃለሁ። ሱፐርቻርጀር ይሉታል። ብረት ቀጥቃጭ ከሰሉን በወናፍ እንደሚያናፋው ሁሉ፣ ይኸም በቺንጋ፣ ማለትም በላስቲክ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ እየዞረ አየር በግድ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ አየሩ ሲበዛ እሳቱ ይበረታል። አዲሱን መግዛት የማይታሰብ ነውና ከተጣለ የመንገድ ሥራ ማሽን ላይ አየር መግፊያውን ፈታሁ፣ ማቀፊያውን ከአሮጌ አልጋ ብረት በየድኩ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ ቶርኖ ቤት አስቀረጽኩ። እስኪያልቅ ድረስ ግቢያችን ውስጥ ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ጠፋ።

ባለቤቴ ታግሣ ታግሣ ቁርጡን ነገረችኝ።

«ስማኝ አንተ ሰውዬ። ይህቺ መኪና እኔን ይዛ ሐረጎን አንድም ቦታ ሳትቆም ከወጣች ትኑር። ከቆመች ግን ለቆራሌው ትሸጣለች። ያኔ እኔም ልብሴን ማስጫ አገኛለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ካልሳቀች ደግሞ ቃሏ አይታጠፍም፤ እኔን ያገባችኝም በእንዲህ ያለው ግትርነቷ ነው፤ ሰው ሁሉ «ይቅርብሽ» እያላት።

እንግዲህ ያ ቀን የፈተናው ቀን ነበር። ፊቴን እየታጠብኩ ስህተቴ ገባኝ። ማሽኑ በመጀመሪያ ቤቱ የሚዞረው ወደ ሌላ በኩል ኖሯል፤ እኔ ቺንጋ ሳስርለት አዟዟሩን ገለበጥኩት፤ መግቢያ ያልኩት መውጫ ሆኖ አረፈው። ሁሉን ፈትቼ እንደ አዲስ ልጀምር ነው ብዬ ስተክዝ፣ ባለቤቴ ፎጣ ይዛ ከአጠገቤ ቆማለች።

«ታዲያ ቱቦውን በሚተፋበት በኩል አትሰካውም?» አለች።

ልክ ነበረች። «እሱን ልል ነበር» አልኩ።

«አዎ፣ ፊትህ ያስታውቃል።»

ቱቦውን አዙሬ ሰካሁ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ተቀመጠችና ወጣን። የዳገቱን እግር እንደረገጥን ነዳጅ ሰጠኋት። ወናፉ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። መኪናዬ ደግሞ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ጎረመሰች! አንድ ጭነት መኪና ቀደምኩ። ሐረጎ ላይ የሚሄድ ነገር ስቀድም በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከዚያን ቀን የቀደምኩት የቆመ ብቻ ነበር።

«በማርያም ቀስ በል!» አለች።

«ልቁምልሽ?» አልኳት በተንኮል።

«ብትቆም ደስታዬ ነው። ቆራሌው ይጠብቃል።»

የመንገዱን ግማሽ እንዳለፍን፣ ዳገቱ እጅግ በሚጸናበት ኩርባ ላይ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ በግ እየጎተቱ ሲወጡ አየን። ከጀርባቸው አወቅናቸው፤ ሼሁ ናቸው። እኔ ይህችን ሴት ላገባ ስል፣ ሽማግሌ ሆነው ከቄሱ ጋር አባቷ ደጅ ቆመው የለመኑልኝ እሳቸው ናቸው። ወሎ ውስጥ የዳረህን ሽማግሌ ዳገት ላይ በእግሩ እየሄደ አልፈህ መሄድ አይታሰብም። ይታሰብ ቢባል እንኳ መኪናው ውስጥ ሚስትህ አብራህ አለመኖሯን አጣራ።

እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያላየ መስዬ ወደ ገደሉ ተመለከትኩ።

«አቁም!» አለች።

«ካቆምኩ ትሸጣለች።»

«ሼሁን አልፈህ ደሴ ትገባለህ? አቁም ነው የምልህ!»

አቆምኩ። የእጅ ፍሬኔ ለወጉ ያህል ያለ ነገር ስለሆነ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሼሁ ነገሩ ገብቷቸው ድንጋይ አንከባለው ከጎማው ሥር አስደገፉ።

«አሰላሙ አለይኩም! አንተ ልጅ፣ አሁንም በዚህችው ነህ?»

ሰባን ዘልቄ «አንተ ልጅ» የሚለኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ደስ ይለኛል። በጉ ደሴ ለወለደች ልጃቸው፣ ለሕፃኑ አቂቃ፣ ለልደቱ ድግስ፣ የሚታረድ ነበር። «ይግቡ ሼሁ፣ ቶሎ ይግቡ» አልኩ። የኋላው በር ተከፈተ፤ መኪናዋ ጎበጥ አለች፤ በሩ ድም ብሎ ተዘጋ። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ጸሎት ጀመረች። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ወናፉ አጓራ፣ ጎማው ጠጠር በተነ፣ መኪናዋ ከዚያ ግድግዳ ላይ ተነሥታ ወጣች!

ሐረጎ ጫፍ ደርሰን መንገዱ ሲለሰልስ ባለቤቴ ዓይኗን ገልጣ ወደ ኋላ ዞረች።

«ሼሁ፣ ልጅዎ በሰላም ተገላገለች?»

«በኧ» አለ በጉ።

ሼሁ የሉም። በጉን አስገብተው በሩን የዘጉት ድንጋዩን ከመንገድ ለማንሳት ኖሯል። መንገድ ላይ ድንጋይ ትቶ የሚሄድ ሹፌር ስንት ሰው እንደሚያስረግም ያውቃሉ፤ እኔ ረስቼዋለሁ።

«የዳሩንን ሽማግሌ ጥለን፣ በጋቸውን ዘርፈን መጣን!» አለች ባለቤቴ።

መኪናዋን ለማዞር ስታገል አንድ ሚኒባስ ከተፍ አለ። ሼሁ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተዋል። ረዳቱን አስቁመው ወረዱ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«ወላሂ፣ እጄን ከድንጋዩ ሳላነሳ ነው ያጣሁህ! ስጣራ የሚሰማኝ የለም፣ ያ ነገርህ ያጓራል።»

ይቅርታዬን ሳልጨርስ ባለቤቴ ክሷን አቀረበች። ቆማለች፣ ትሸጣለች። እኔም ያስቆመችኝ እሷ ናት ብዬ ተከላከልኩ። «ሼሁ ይፍረዱና» አለች፤ «እሳቸው ያሉት ይሁን።» ፍርዱን የሚሰጠው ዳገት ላይ የጣልኩት ሰው ነው።

ሼሁ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እሳቸው አይቸኩሉም።

«ደክሟት ቆማ ቢሆን ትሸጥ ነበር» አሉ። «የቆመችው ግን ለሽማግሌ ነው። ለሽማግሌ የቆመ አይቀጣም። ከዚያች ኩርባ ተነሥታ መውጣቷን ደግሞ ከእኔ በላይ ያየ የለም፤ ጥላ የሄደችው እኔን ነው! አትሸጥም።»

«እርስዎ ካሉ አለቀ» አለች ባለቤቴ። «ልብሴንስ የት ላስጣ?»

«ኮፈኑ ላይ» አልኳት፤ «ይሞቃል፣ ቶሎ ያደርቅልሻል።» በነጠላዋ ጫፍ ገረፍ አደረገችኝ፤ ግን ስቃለች።

ሼሁን ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ለሚኒባሱ ከፍያለሁ አሉ። «በጉን ደሴ ፒያሳ አድርስልኝ፤ እሱ አምኖሃል። ለእኔ ግን ዕዳ አለብህ፤ ከድንጋዩ እስከ ጫፉ፣ ግማሽ ሐረጎ።»

ከዚያ ወዲህ ልከፍል ስንት ጊዜ ሞከርኩ። መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ቆሜ በሩን እከፍታለሁ። እሳቸው በትራቸውን ያነሱና «ዛሬ እግሬ ደህና ነው፤ ዕዳ የሚጠየቀው ሲቸግር ነው» ብለው ያሰናብቱኛል። ያ አቂቃ የወጣለት ሕፃን አሁን በእግሩ ይሄዳል፤ እኔ ግን ያቺን ግማሽ ዳገት እስከ ዛሬ አልከፈልኳቸውም።