ለሞተር ሳይክሉ የተቋጠረ ስንቅ

ሰኞ ረፋዱን ሰሜን ክፍለ ከተማ ባለ ጋራዥ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ሞተር ሳይክል እንደ በግ ስንገፍፍ አረፈድን። ስፖኪዮዎቹ ወለቁ፣ የፊት መስታወቱ ወለቀ፣ መሪው ዞሮ በገመድ ታሰረ። በእንጨት ሳጥን ታሽጎ በአውሮፕላን ካይሮ ሊሄድ ነበር።

ባለቤቱ ስድሳ ዓመት ያለፋት ፈረንጅ ናት። ከደቡብ አፍሪካ ጫፍ ተነስታ ብቻዋን እየነዳች መቀሌ ደርሳለች። ሐሳቧ በሱዳን አቋርጣ ግብፅ መግባት ነበር፤ ሱዳን ግን ጦርነት ላይ ናት። ሞተሩ በአየር ይሻገርና ከዚያ ትቀጥላለች ተባለ። እኔ አስተርጓሚዋም ጸሐፊዋም ነበርኩ። ዓዲ ሓቂ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፤ ሥራ ሲጠፋ ግጥም እጽፋለሁ። ካይሮን ቀርቶ አዲስ አበባን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው።

ሁለት ቀኖች አንቀው ይዘውናል። የእሷ ቪዛ ማክሰኞ ያበቃል። ሞተሩ በጊዜያዊነት የገባበት ፈቃድ ደግሞ ዓርብ። ዓርብ ማታ የሚነሳው የጭነት አውሮፕላን ላይ ካልወጣ ጉምሩክ ይይዘዋል፤ ፈቃዱን ማራዘም የምትችለው ራሷ ቀርባ ብቻ ነው፣ እሷ ደግሞ ያን ጊዜ ከአገር ወጥታለች። እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ዓርብ ካመለጠ ጉዞዋ አበቃ።

ሜካኒኩ ሃምሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ማንኛውንም ብረት በጣቱ አንኳኩቶ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ፈረንጇን «አደይ» ይላታል፣ እናቴ እንደማለት። እሷም ስሟ መስሏት ነው መሰለኝ አቤት ትላለች። የአየር መንገዱን ሕግ አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። የባትሪው ገመድ ይነቀል፤ ነቀለ። የጎማው ንፋስ ይቀነስ፤ ቀነሰ። የቤንዚን መያዣው ይድረቅ፤ በጎማ ቱቦ ስቦ ጀሪካን ውስጥ አንጠፈጠፈው። አደይ በስልኳ መብራት ወደ ውስጥ አየች። እኔም «መያዣው ውስጥ ምንም ነዳጅ የለም» ብዬ ተየብኩ፣ እሷ ፈረመች፣ ከሥር ምስክር ሆኜ ፈረምኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሳጥኑ በምስማር ተመታ፣ የጭነት መኪና ላይ ወጣ፣ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እሷን ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያ አድርሼ ተሰናበትኳት።

ረቡዕ ከሰዓት በጋራዡ በኩል ሳልፍ ሜካኒኩ መኪና ሥር ተኝቶ ጫማዬን አየና ጠራኝ።

«ኣንታ ገጣሚ! አደይ ካይሮ ገባች?»

«ገብታለች። ሞተሯን እየጠበቀች ነው።»

«እንግዲህ አታስብ። ሳጥኑን ከፍታ ቁልፉን ማዞር ብቻ ነው። ሞልቼላታለሁ።»

«ምኑን?»

«ምኑን ይለኛል እንዴ! ቤንዚኑን ነዋ። አንተ የጭነት መኪናውን ሾፌር ልትጠራ ስትሄድ፣ ሳጥኑ ሳይመታ።» ከመኪናው ሥር ወጣ። ፊቱ በርቶ ነበር። «ከአፍ እስከ ገደፉ። አሥራ ስምንት ሊትር።»

«ባዶ መሆን አለበት ብዬህ አልነበር? አድርቀኸው አልነበር?»

«እሱማ ለወረቀቱ ነው መስሎኝ። አይታ ፈረመች፣ አለቀ። ታዲያ ሴትዮዋ ሰው አገር በባዶ ትውረድ? ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ስንቅ የሌለው መንገደኛ ይሸኛል?»

ልሰድበው አስቤ ተውኩት። ያን የራሱን ቤንዚን ያገኘው ማደያው በር ላይ ሦስት ቀን ተሰልፎ ነው። ቤንዚን በጭራሽ ባልነበረባቸው ዓመታት የራሱን ሞተር በጨርቅ ሸፍኖ እንዳስቀመጠው ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ከተማ ለሰው ከዚያ የበለጠ ምን ይሰጣል? አውሮፕላን ውስጥ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል ስነግረው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሾፌሩ ጋ ደወልን። አፋር በረሃ ውስጥ ነው፣ ኔትወርክ የለም። እስኪመሽ ደወልን።

ሐሙስ ጠዋት የጉምሩክ ጉዳያችንን ለያዘው ለአዲስ አበባው ትራንዚተር ደውዬ ነገርኩት። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ሌሊቱን ስሞክረው ነው ያደርኩት። ግን ሰዎች የሚበሩበት ነገር ነው።

«ለምን ነገርከኝ?» አለኝ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«አሁን እኮ ሰምቻለሁ። የሰማሁትን አልሰማሁም ብዬ አልፈርምም። ሳጥኑ ይከፈታል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይፈተሻል። ፈታሹ የሚገኘው ሰኞ ነው።»

«ዓርብ እኮ ነው ቀኑ።»

«እኔን ቀን ታስተምረኛለህ? ፈታሹ ሰኞ ነው አልኩህ።»

ሜካኒኩ ይህን ሲሰማ ሐሙስ ዕለቱን የጎማ ቱቦውንና ባዶ ጀሪካኑን ይዞ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈረ። «የጨመርኩት እኔ፣ የማወጣውም እኔ» ብሎ። አትሂድ አላልኩትም። ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ ነው፤ መቀመጡን ለራሴ አስቀረሁት።

ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአየር መንገዱ የጭነት መጋዘን በር ደወለ። ከኋላው የጥበቃዎች ሳቅ ይሰማኛል።

«በጀሪካን ወደዚህ ማን ይገባል ይሉኛል።»

«ባዶ ነው በላቸው።»

«አልኳቸው! ለሞተሩ ባለቤት ምኗ ነህ አሉኝ።»

«ምን አልክ?»

«ልጇ ነኝ አልኩ። ለዚህ ነው የሚስቁት። ስማ፣ ወረቀት ጻፍልኝ። አንተ ትጽፍ የለም እንዴ? ይህ ሰው የእኛ ነው፣ አስገቡት ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለውን ማኅተም ሁሉ አየሁ፣ «ክፍያ ተፈጽሟል» ከሚለው በቀር አንድም የለም። ሳልመታበት ፎቶ አንስቼ በስልክ ላክሁለት። አንዱ ጥበቃ እንዳነበበውና ጽሑፉ ጥሩ ነው እንዳለ ነገረኝ። ትራንዚተሩ ወጥቶ የአውሮፕላኑ የጭነት ዝርዝር መዘጋቱን፣ ሞተሩም መቅረቱን የነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ለአደይ አንተ ንገራት» አለኝ ሜካኒኩ። «የሞላው እሱ ነው በላት። ለምን እንደሞላሁትም ንገራት።»

የመጀመሪያውን በአንድ መስመር ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ስንቅ የሚለው ቃል በእሷ ቋንቋ ምግብ ብቻ እየሆነብኝ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። በመጨረሻ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ሦስቱ ቀን ጻፍኩላት።

ቅዳሜን አልመለሰችም። እሑድ ከሰዓት አንድ ጥያቄ ላከች፦ ስንት ሊትር ነበር?

አሥራ ስምንት፣ አልኳት። ማንበቧን ስልኩ አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልጻፈችም፤ ሞተሩም ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ጉምሩክ መጋዘን ነው።