ውሃ የገባበት ዘይት

ቡሬ ላይ፣ ወደ ነቀምቴ የሚታጠፈው መንገድ አጠገብ፣ መንበሩ የሚባል የወፍጮ መካኒክ ነበር። ከሽንዲ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ወፍጮው የቆመበት ሰው መጀመሪያ ስለት ይሳላል፣ ቀጥሎ መንበሩን ያስጠራል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው መንበሩ ነው። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፤ እሱም አይቃወምም። ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ቢኖር «ተሳስቻለሁ» የሚለው ነው። ሚስቱ አልጣሽ ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ብትሰማው ኖሮ ታመመ ብላ ጠበል ትወስደው ነበር።

በጋራዡ ደጃፍ አንድ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ በሽቦ ታስሮ ተሰቅሏል። ለጌጥ አይደለም፤ ለምስክር ነው።

ነገሩ የሆነው በ1992 ዓ.ም ነው። በፈጣም ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጡ ገበሬዎች ፓምፓቸው ተበላሸና መንበሩን ጠሩት። እሱ ወፍጮ ላይ ስለነበር ታናሽ ወንድሙን ደሴን ላከው። አባታቸው ሲሞት ደሴ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገውም ሙያውን ያስተማረውም መንበሩ ነው። ደሴ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ሄደ። አመሻሹ ላይ መንበሩ መጣና ሥራውን ሊያይ ከፈተው። ዘንጉ ላይ ሁለት ጎሚኒ አለ። ጎሚኒ ማለት የሚሽከረከረውን ዘንግ አንገቱን አንቆ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነው፤ ቀጭን ከንፈር አለው፣ ከንፈሩ ባየበት በኩል ያለውን ነገር አያሳልፍም። ደሴ አንዱን ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘይቱ አሳይቶታል። ሁለተኛውን ግን ወደ ውጪ። ዘይቱ ያለው በውስጥ ነው፣ ወደ ውጪ ምን ያሳየዋል? መንበሩ አወጣና አዙሮ ገጠመው። ልጁ እንዳያፍር ብሎም ሳይነግረው ቀረ።

በሁለተኛው ሳምንት ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገባ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተቃጠለ፣ ሽንኩርቱ ፀሐይ ላይ ከሰለ። ገበሬዎቹ ሲመጡ መንበሩ በሰው ፊት «ሥራው የኔ አይደለም፣ የሱ ነው» አለ። በልቡም «አንዱን ስህተቱን አርሜለት ነበር፤ ለካ ሌላም ነበረበት» አለ። ደሴ «ልክ ነው የገጠምኩት» ከማለት ሌላ ቃል አልተናገረም። መንበሩ ፓምፑን በር ላይ ሰቀለው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። መንበሩ «ጥፋቱን ይመን» አለ፤ ደሴ «ያላጠፋሁትን አላምንም» አለ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጠጥተው ተነሱ።

ከዚያ ወዲህ ለደሴ ፓምፕም ወፍጮም የሚያስነካው ጠፋ። ከአስፓልቱ ማዶ፣ ልክ ከወንድሙ ትይዩ፣ ብስክሌት መጠገን ጀመረ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ወንድማማቾች በር ለበር እየተያዩ ከፈቱ፣ በር ለበር እየተያዩ ዘጉ። ሰላምታ የለም። መንበሩ ወንድሙ ይናፍቀው ነበር። ይህን ለማንም አይናገርም፤ ግን የደሴ በር ሳይከፈት ሥራ ጀምሮ አያውቅም።

በ1998 ዓ.ም የገና ጾም እንደገባ፣ ባሕር ዳር ጀልባ የሚነዳው የመንበሩ አበልጅ፣ ቢሆነኝ የሚሉት፣ አንድ ከባድ ነገር በጋቢ ጠቅልሎ ከሚኒባስ ወረደ። ዳንግላ ላይ አንዲት ሴትዮ ጥቅሉን አይተው «ነፍስ ይማር» ብለው ወንበራቸውን ለቀውለት ነበር። ነገሩን ለማስረዳት መንገዱ አጭር ስለነበረ ቢሆነኝ «አሜን» ብሎ ተቀመጠ።

«አበልጄ፣ እግር አምጥቼልሃለሁ» አለው ለመንበሩ።

የጀልባ እግር ነው። ሞተሩ ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ እግሩ ከጅራቷ ወደ ውሃው ይወርድና ጉልበቱን በማርሽ እያዞረ ለፕሮፔለሩ ያደርሳል። ባሕር ዳር ያሳያቸው ሰዎች «ሙሉ እግሩ ከውጪ አገር ይምጣ» ብለውታል። ቢሆነኝ ከውጪ አገር የሚያውቀው ሰው የለም። ከቡሬ ግን መንበሩን ያውቃል።

መንበሩ ጀልባ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ይህ አላሳሰበውም። የታችኛውን ቡሎን ፈታና ዘይቱን በሳፋ አፈሰሰው። ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ወረደ።

«በጾም!» አለች አልጣሽ።

«ውሃ ነው» አለ መንበሩ። «ዘይትና ውሃ አብረው ሲመቱ እንዲህ ይነጣሉ። አንዱ ጎሚኒ አልቋል። የትኛው እንደሆነ አየር ነፍተንበት በርሜል ውስጥ እንነክረዋለን፤ አረፋ በሚወጣበት በኩል ነው።»

አየር ለመንፋት የብስክሌት መንፊያ ያስፈልጋል። የብስክሌት መንፊያ ያለው ደግሞ ከአስፓልቱ ማዶ ነው። አልጣሽ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። መንፊያውን ይዛ ተመለሰችና፣ «ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ‹ሲነፋ መያዙ ብቻ አይበቃም፣ ሲመጠጥም ይዩት በሏቸው› ብሏል» አለች።

«ብስክሌት ሠሪ ስለ ማርሽ ምን አገባው» አለ መንበሩ፤ ድምፁ ግን ከቃሉ ይልቅ ለስላሳ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከወንድሙ የመጣለት የመጀመሪያው ቃል ነው።

ነፉት፣ ነከሩት፣ ከፕሮፔለሩ ሥር አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ፕሮፔለሩን ሲያወጣው የዓሣ መረብ ክር ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ጎሚኒውን በልቶታል። እዚያ ቦታ ላይ ያሉት ሁለት ጎሚኒዎች ናቸው፤ አንዱ ወደ ውስጥ ያያል፣ አንዱ ወደ ውጪ። መንበሩ ሁለተኛውን አገላብጦ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው ገልብጦ ነው የገጠመው» አለ። «ደሴን የሚመስል ሰው ሁሉም አገር አለ።» ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ልኩን ፈልጎ አገኘ፤ ለመጠባበቂያም ጨምሮ ገዛ። ሁለቱንም ወደ ውስጥ አሳይቶ ገጠማቸው። ዳግመኛ ነፉት። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በርሜል ውስጥ ተቀምጦ አንድ አረፋ አልወጣውም።

«በቃ» አለ መንበሩ።

«አልበቃም» አለ ቢሆነኝ። «አበልጄ፣ ወፍጮ ስትጠግን ከመጀመሪያው ዱቄት የተጋገረውን ሳትቀምስ ትሄዳለህ?»

አይሄድም። ጠጋኙ ያጎበጠውም ያቀናውም ሥራ መጀመሪያ በራሱ ላይ ይሞከራል፤ በመንበሩ ሙያ ይህ ሕግ ነው። ዋና አለመቻሉ ሕጉ ውስጥ አልተጻፈም። በማግስቱ ባሕር ዳር ሄደ፣ እግሩን ገጠሙ፣ ጀልባዋ ላይ ወጣ። ጣና ጸጥ ብሎ ነበር። መንበሩ ግን ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ያውቃል፤ ሁለት እጁን ወንበሩ ላይ አጣብቆ ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ ሞተሩ ሲያይ ቆየ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዞረው ተመለሱ። ከዳር ደርሰው ቡሎኑን ፈታ።

ወተት።

ቢሆነኝ ዞር ብሎ የጀልባዋን ገመድ ማሰር ጀመረ። ጨዋ ሰው ነው። መንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የነፋው ልክ ነበር፤ ጎሚኒው አዲስ ነው፤ እጁ አልሳተም። ታዲያ ውሃው በየት ገባ? ያኔ ሳይወድ የደሴ ቃል ትዝ አለው። እግሩን ፈትቶ አወረደው፤ ቀጭን የጎማ ቱቦ በዘይቱ ቀዳዳ ሰክቶ በአፉ መጠጠ። የማርሽ ዘይት አፉን ሞላው። ተፋና እንደገና መጠጠ። ከፕሮፔለሩ ዘንግ በኩል ሲስ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አየር ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ሲነፋ የያዘው፣ ሲመጠጥ ያስገባል።

ገባው። ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ሲጠግን ዘይት እንዳይወጣ ብቻ ነው የጠበቀው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሊገባ የሚፈልግ ነገር የለም። ውሃ ውስጥ ግን ሁለት ዘበኛ ያስፈልጋል፤ አንዱ ወደ ውስጥ ዘይቱን የሚጠብቅ፣ አንዱ ወደ ውጪ ውሃውን የሚመልስ።

የውጪውን አውጥቶ በመጠባበቂያው ተካው፣ ከንፈሩንም ወደ ውጪ አሳየው። መጠጠ። ቱቦው ምላሱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ድምፅ የለም። ገጠሙት፣ አዲስ ዘይት ሞሉት፣ እንደገና ሐይቁ ላይ ወጡ። በዚህኛው ጉዞ መንበሩ መፍራቱን ረስቶት ነበር። ተመልሰው ሲፈቱት ዘይቱ እንደገባ ጠርቶ ወጣ። ቢሆነኝ አቅፎ ሳመው።

«ምነው አበልጄ፣ አልተደሰትክም?»

«አንድ ፓምፕ አለኝ» አለ መንበሩ። ዕቃውን ሰብስቦ ሚኒባስ ተሳፈረ። 

ቡሬ ሲወርድ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ቤት አልገባም። ፒንሳ አንሥቶ የፓምፑን ሽቦ ቆረጠና ብረቱን ትከሻው ላይ አወጣው። ባገሩ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ የተበደለው ነው የሚያወርድለት። መንበሩ ድንጋይ መፈለግ አላስፈለገውም። አስፓልቱን ሲሻገር አንድ አይሱዙ ቆሞ አሳለፈው፤ ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ማየት ጀመረ።

ደሴ የብስክሌት ካላማዳሪ እየለጠፈ ነበር። ቀና አለ። ዓይኑ ፓምፑ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«የውጪውን ጎሚኒ አንተ ወደ ውጪ አሳይተህ ነበር የገጠምከው» አለ መንበሩ። «አመሻሹ ላይ መጥቼ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ሳልነግርህ። ያንተ ልክ ነበር። ተሳስቻለሁ።»

ከማዶ በሩ ላይ የቆመችው አልጣሽ ሰማች፤ በእጇ አፏን ያዘች።

 ደሴ ሁለት እጁን ዘርግቶ አያቸው።

«እኔኮ» አለ፣ «እጄን ነበር የጠረጠርኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ። ልክ ገጥሜው ከተበላሸ፣ እጄ የማላውቀው ነገር አለበት ብዬ ነው ሙያውን የተውኩት።»

መንበሩ አለቀሰ። በሁለት እጁ ፓምፑን ስለያዘ እንባውን መጥረግ አልቻለም። ደሴ ጣቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረገ፣ ተነሣ፣ ብረቱን ከወንድሙ ትከሻ ላይ አወረደው። መሬት ላይ ግን አልጣለውም። የሚለጥፈውን ካላማዳሪ ገፋ አድርጎ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«የአሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ቁልፍ አለዎት?»

መንበሩ አስፓልቱን ተሻግሮ ቁልፉን አመጣ። ቡሎኑ ዝጎ ነበር፤ ሁለት ሆነው እስኪመሽ ታገሉት።