አያቱን ለውጪው

ባለፈው ዓርብ ተሂላ መጣች። የጋሻው ልጅ ናት፤ «ዶዳ» ትለኛለች፣ በዕብራይስጥ አክስቴ ማለቷ ነው። ላፕቶፗን ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ የጻፈችውን የፍቅር ታሪክ አነበበችልኝ። የፍቅር ልብ ወለድ ስለምጽፍ ሰው ሁሉ ምክር ፍለጋ ይመጣል፤ አብዛኛውን ቶሎ ነው የምሸኘው። እሷን ግን አልችልም። ደግሞስ ትጽፋለች! ዐረፍተ ነገሯ ይሮጣል። ችግሩ፣ ልጅቱም ልጁም አባት የላቸውም፣ እናት የላቸውም፣ ከሰማይ ዱብ ያሉ ናቸው።

«የማን ልጆች ናቸው?» አልኳት።

«ምን ያደርጋል፣ ዶዳ? ይዋደዱ የለም እንዴ!» ብላ ሳቀች።

ተነሣሁ። የታጠበውን ብርጭቆ መልሼ አጠብኩት። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እኔም በሷ ዕድሜ እንዲሁ ብዬ ነበር፤ ያውም በዚችው በሀደራ ከተማ።

እንደዚህ አገር አቆጣጠር ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ፋብሪካ ገብቼ ነበር። በጠዋት ከሰፈሬ ከነቬ ሐይም በአውቶቡስ እሄዳለሁ፣ አንሶላ ስተኩስና ሳጣጥፍ እውላለሁ። እንፋሎቱ ፊት ይለበልባል፣ ማሽኑ ጆሮ ያደነቁራል። አብረውኝ የሚሠሩት የእናቴ እኩዮች ናቸው። ሐፍሳቃ፣ የዕረፍት ሰዓት፣ ሲደወል ከፋብሪካው ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር እንሰበሰባለን። ሀደራ ባሕር ዛፍ ሞልቷታል። አንዷ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ «ውይ፣ አገሬ!» ትላለች፤ ሌላዋ የሽሮ ፍትፍቷን ከቃሪያ ጋር ታቀርባለች፣ ብርቱካን ይላጣል። እኔ አነባለሁ።

የማነበው የራሴን ነበር። የአማርኛ ፊደል አባቴ ነው ያስቆጠረኝ፤ ከዚያ ወዲህ መጻፍ እንደ እከክ ያዘኝ፣ አላስቀምጥ አለኝ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። ጆሯቸው ግን! አንድ ቃል አያመልጣቸውም።

ወለላና ደረሰ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ወንዝ ዳር ሲተያዩ ያነበብኩ ዕለት፣ ታላቃችን እማማ ትርንጎ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ እስቲ። ወለላ የማን ልጅ ናት?»

«የማንም አይደለችም፣ እማማ። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

«ኧረ በሞቴ! ወገኗን ለማላውቃት ልጅ እንዴት አድርጌ ላልቅስላት?»

ሌሎቹም «እውነታቸውን ነው» አሉ። ተናደድኩ። ምን ያውቃሉ፣ ድርሰት የት ያውቃሉ አልኩ በሆዴ። ቤቴ ስገባ ግን መቀመጫ አጣሁ። እውነታቸውን ነበር፤ ወለላና ደረሰ ባዶ ነበሩ። በእጄ ደግሞ እውነተኛ ፍቅር ነበረ።

ጋሻው ከጎናችን ባለው መጋዘን ማልጌዛ፣ ዕቃ የሚያነሣውን መኪና፣ ይነዳ ነበር። ስስቅ እሱም ከሩቅ ይስቃል፣ በምን እንደሆነ ሳያውቅ። ወደድኩት፣ በቃ። ማንም አልሰማብንም። ከፋሲካ በኋላ ወደ አባቴ ሽማግሌ ሊልክ ተስማምተናል። በእኛ ወግ ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ እንደ እህትና ወንድም ነው፣ ጋብቻ የለም። እኛ የበለሳ፣ እነሱ የሰሜን ሰዎች፤ ምን ሊያገናኘን? ሐሳብም አልገባኝ። እናም ለወለላ የእናቴን አባት አድማሱን አያት አድርጌ ሰጠኋት፣ ለደረሰ የጋሻውን እናት አባት ወንዴን። ሴቶቹ በእናት በኩል ስለማያውቁን አይነቃብንም ብዬ ነው።

በማግሥቱ አነበብኩ። ያን ቀን ማኘክ እንኳ ረስተው ነበር የሚሰሙኝ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጨርሼ ቀና ስል እማማ ትርንጎ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«የበለሳው አድማሱ… የበላይ ልጅ። በላይስ የማን ነው?»

«የገብሬ!» አለች አንዷ።

«የሰሜኑ ወንዴስ?»

አንዷ ከዚህ ስታነሣ ሌላዋ ከዚያ ስትቀበል፣ እየተሳሳቁ ወደ ላይ ወጡ። አምስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም ሐረግ አንድ ሰው ላይ ቆመ።

«ውይ ጉዴ! የሱ አንደኛው ልጅ እኮ በክፉ ቀን ወደ ሰሜን የተሰደደው ነዋ! እህትና ወንድም ናቸው!»

ወረቀቴን ማጣጠፍ ጀመርኩ። እማማ ትርንጎ ፊቴን አይተው ሳቁ።

«ምን ያስደነግጥሻል፣ ልጄ? ተረት አይደል እንዴ? አያቱን ለውጪው!»

ሁሉም ሳቁ። ያን ቀን አውቶቡስ መጠበቅ አልቻልኩም፤ እስከ ነቬ ሐይም በእግሬ ሄድኩ። የብርቱካን አበባ መንገዱን ሁሉ አውዶት ነበር፤ ሽታው ራሱ አናደደኝ።

ለጋሻው ስነግረው ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ ተቆጣ።

«የረቢዎቹ ቢሮ፣ ራባኑት ሄደን ብንጋባ ማን ሰባት ቤት ይቆጥራል? እነሱ ዘንድ የአጎት ልጅ እንኳ ይጋባል!»

«እናትህስ?»

በማግሥቱ የእኛው ቄስ ዘንድ ሄዶ ዘሩን አስቆጠረ፤ እሳቸውም ያው አሉት። ተመልሶ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኝና እጁን ለሰላምታ ዘረጋልኝ። ጋሻው እኮ ጨብጦ ሰላም ብሎኝ አያውቅም!

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እህቴ» አለኝ።

እህቴ! ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያን የራባኑቱን ነገር አንዴ ቢደግምልኝ ኖሮ ቄሱንም እናቱንም ትቼ እከተለው ነበር። አልደገመም። እኔም አፌን አልከፈትኩም። ከዚያ ወዲያ ዘመዳሞች ሆንን። ሌላ ሲያገባ ሠርጉ ላይ ከዘመድ ወገን ተቀምጬ በላሁ፣ ጨፈርኩም።

ሴቶቹ ግን ታሪኩ እንዲያልቅላቸው ይጠብቃሉ። ለደረሰ ከትግራይ ሌላ አያት አመጣሁለትና ዳርኳቸው። ባሕር ዛፉ ሥር እልልታው ሲቀልጥ አለቃችን ምን ተፈጠረ ብሎ ሮጦ ወጣ። እኔ አለቀስኩ። ደስታ መስሏቸው ጉንጬን ሳሙኝ።

ጋዜጠኞች «ሐሳቡ ከየት ይመጣልሻል?» ሲሉኝ ባሕር ዳር በእግሬ ስሄድ እላለሁ። ውሸቴን ነው። ዛሬም ልጽፍ ስቀመጥ እግሬ አያርፍም፤ ያን የነቬ ሐይም መንገድ ያልጨረስኩት ይመስለኛል።

«እሺ ዶዳ፣ ምን ላድርግ? ሳባ ልስጣቸው?» አለች ተሂላ። አያት ማለቷ ነው።

«ስጪያቸው። አንቺው ራስሽ የምትፈሪውን ስጪያቸው። እየጻፍሽ መቀመጥ ካቃተሽ፣ ያን ጊዜ ደህና ጽፈሻል።»

ላፕቶፗን ከታ በር ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ለካ ረስቼው! አባዬ ሰላም ብሎሻል። መጽሐፎችሽን እኮ አንድም ሳይቀረው ያነባል። ግን ሁሌ አንድ ነገር ይላል። ‹እህቴ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ለምን ትድራቸዋለች?› ይላል።»

«ስለምችል ነው በዪው» አልኳት።