አመድ የተቀባችው ጄት

ፖሊሶቹ ሲመጡ ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄ ላይ ያለውን አረፋ እስክለቃለቅ በትዕግሥት ጠበቁኝ። አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሼ ለክረምት ቡታጅራ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ መጥቼ ነበር። ስለ ጭሰኞች የተጻፈ ወረቀት በገበያ በትነሻል አሉኝ። በትኜ ነበር።

ጣቢያው ለሴት የተለየ ክፍል ስላልነበረው አሮጌ ኮርቻዎች የተከመሩበት መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። መስኮት የለውም፤ ቆዳና አይጥ ይሸታል። ቀን ቀን ግን ግቢው ውስጥ ከወንዶቹ እስረኞች ጋር ፀሐይ እንድሞቅ ይፈቅዱልኝ ነበር።

ሃምሳ አለቃውን ያየሁት እዚያ ነው። አየር ኃይል ውስጥ ጄት ሲጠግን ኖሮ፣ ተሰናብቶ አገሩ እንሴኖ ከገባ በኋላ ለጭሰኞች አቤቱታ በመጻፉ ታስሯል። እናቱ በየሳምንቱ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ይልኩለታል። ቆጮውን ለሁላችን ያካፍልና ኮባውን ያስቀራል። የቅጠሉ መሃል ዘንግ ሲደርቅ እንደ ቡሽ ይቀላል። ከዚያ ዘንግ ክንድ የምታህል ጄት ይቀርጽ ነበር። እናቱ ነገሩን ሲሰሙ ኮባውን ከነወፍራም ዘንጉ መላክ ጀመሩ።

ቆዳዋን ከሲጋራ ፓኮ በወጣ ብርማ ወረቀት አለበሳት። ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አመድ በጣቱ እያነሳ ያሻት ጀመር። ከአሮጌ ቆርቆሮ የፋቀውን ዝገት በሻይ በጥብጦ ክንፏ ሥር አንጠባጠበ፤ የጭስ መውጫዋን በኩራዝ ጥላሸት አጠቆረ። አንዱን ጎማ ሆን ብሎ ጠፍጣፋ አድርጎ ቀረጸው።

ለምን እንደሚያበላሻት ጠየቅኩት።

“አላበላሸኋትም” አለ። “ዘጠኝ ዓመት ጠግኛታለሁ። ከበረራ ተገልላ ሣር ላይ ስትቆም እንዲህ ነበረች።”

ጠባቂያችን አሥር አለቃ ቀልደኛ ነበር። “ሃምሳ አለቃ፣ በቃጫ እሰራት እንጂ፤ ተነስታ ብትበር የምጠየቀው እኔ ነኝ” ይለዋል።

ለመስቀል ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የጣቢያው አዛዥ አይቶ ወደዳት። ለአውራጃው ገዥ ሊሰጣት አሰበ፤ ግን አሮጌ ብረት ለትልቅ ሰው አይሰጥም አለ። የግቢው በር ከተቀባበት የተረፈ ብርማ ቀለም በጣሳ አስመጣና፣ አዲስ ካስመሰላት ለመስቀል ወደ አገሩ እንደሚለቀው ለሃምሳ አለቃው ነገረው።

በእኛ አገር መስቀልን ከቤቱ ውጪ የሚውል ወይ የሞተ ነው ወይ የታሰረ። አባቱ ካረፉ ወዲህ ደግሞ የቤቱን በሬ የሚጥለው እሱ ነበር። ሃምሳ አለቃው ጣሳውን ተቀብሎ አመሰገነ። ሦስት ቀን ሳይከፍተው ቆየ።

በዋዜማው ጠዋት ለጥያቄ ሲጠሩት ጄቷን እንድጠብቅለት ሰጠኝ። ጣሳውን ከፈትኩና በዶሮ ላባ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ቀባኋት። ዝምታውን እልህ ብዬ ነበር የቆጠርኩት። እናቱን አሰብኩ እንጂ እሱን አላሰብኩም።

ሲመለስ ቆሞ አያት።

“ማን ቀባት?”

“እኔ ነኝ።”

“ደግ አስበሻል፣ እህቴ።” ቁጭ አለና በሁለት እጁ አነሳት። “አቤቱታውንም የጻፍኩት እንዳየሁት ነው። አሳምረህ ጻፍ ብለውኝ ነበር።”

ጨርቅ በኩራዙ ላምባ ነክሮ ክንፏን መጥረግ ጀመረ። ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ይለቅ ነበር። ትንሽ ቆሜ አየሁትና የነጠላዬን ጫፍ በላምባ ነክሬ ከጅራቷ ጀመርኩ። ወረቀቱ በየቦታው ተቀደደ። እሱ ቅዳዱን አልጠገነውም፤ አመዱን ብቻ መልሶ አሻት።

አዛዡ መጥቶ ብርማ የሆነ እጃችንን አየ። “እንግዲህ መስቀልን እዚሁ ዋል” ብሎት ሄደ። ስለ ጄቷ ዳግም አልጠየቀም።

በመስቀል ማግስት እናቱ ከእንሴኖ በእግራቸው መጡ። የያዙት ቆጮና ጎመን ነበር። አሥር አለቃው ጥቅልሉን ሲፈትሽ ሳቀ።

“እማማ፣ ክትፎውስ? እኛም ጠብቀን ነበር እኮ።”

“በሬው ቆሟል” አሉ። “የሚጥለው እዚህ ነው። እሱ ሲመጣ መስቀል እናደርጋለን።”

ሃምሳ አለቃው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። አሥር አለቃው ጥቅልሉን መልሶ በጥንቃቄ አሰረው፤ የዚያን ቀን ሌላ ቀልድ አልሰማንም።

እኔ በጥቅምት በአባቴ ዋስትና ወጣሁ። ስሰናበተው ጄቷን ሰጠኝ። ከግራ ክንፏ ሥር ጥፍር የምታህል ብርማ ቀለም ቀርታ ነበር፤ አፍሬ በጣቴ ልፍቃት ስል ያዘኝ።

“ተይው” አለ። “እሱም የደረሰባት ነገር ነው።”

እሱ የተፈታው በጥር ነው። አገሩ በደረሰ በሦስተኛው ቀን በሬውን እንደጣለና ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ እየተባባለ እንደበላ፣ ከእንሴኖ ገበያ የመጣ ሰው ነገረን።

ጄቷ ዛሬ መጽሐፎቼ አጠገብ ናት። ኮባው ጠቁሯል፤ አንዱ ክንፏ ዘምሟል። ቤት የምታግዘኝ ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራዋን ልጥረግላት ትለኛለች። መደርደሪያውን ጥረጊ፣ እሷን ተያት እላለሁ። ስትወጣ አንዳንዴ አነሳና ከግራ ክንፏ ሥር አያለሁ። እኔ የቀባኋት ብርማ ነጥብ አሁንም አለች።