የተጠባ አውራ ጣት

ጅልነቴን አስቀድሜ ልንገርህና ይውጣልኝ፤ ጢሜን አብቅዬ፣ ሚስት ለማግባት ደርሼ፣ ለጥላ ብዬ የሽማግሌ ጣት የጠባሁ ሰው ነኝ።

ዛሬ ጠዋት እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሱቄ ውስጥ የማር ጣሳ ስከፍት አውራ ጣቴ ገባበት። ልልሰው አፌ ጋ ካደረስኩት በኋላ በጨርቅ ጠረግሁት። ገበያው ደክሟል፣ እኔም ደክሞኛል፤ ይባስ ብሎ ማር እፈራለሁ።

ያኔ ከመተማ ተሻግረን መፋዛ አካባቢ ሰሊጥ እናጭድ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የሚታጨደው ቅጠል ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። በዚያ ሁሉ ሜዳ ያለችው ጥላ አንዲት ራኩባ የሚሏት የሣር ዳስ ብቻ፣ የውኃው በርሜል የተቀመጠባት። ጠባቂዋ ከአርማጭሆ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጅም ሚስትም የላቸውም። እኔ ደግሞ ሌላው ሦስት ነዶ ሲያቆም ገና ማጭዴን የምስል ሰነፍ።

እና አሰብኩ። እንጀራ አባት እናትህን ሲያገባ የሚመጣብህ ነው። ማደጎም ቢሆን ሳታውቅ በሕፃንነትህ ነው የምትሰጠው። የጡት አባት ግን ራስህ ሄደህ፣ ማር የነካ ጣቱን ጠብተህ ልጁ ልትሆን ትለምናለህ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ሽማግሌው እሺ ካሉኝ ልጃቸውን ከጥላው ያባርሩታል? እናቴ ለሳል ብላ የቋጠረችልኝን ማር ይዤ ሄድኩ።

"የጡት ልጅዎ ያድርጉኝ" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ጢምህ እኮ ከኔ ይበልጣል" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "ይሄ ነገር ከተጠባ ወዲያ አይተፋም። አስበህበታል?"

"በደንብ!" አልኩ። ያሰብኩት ጥላውን ነበር።

ሁለት አጫጆች ለምስክር ጠሩ። አውራ ጣታቸውን ሁለቴ ታጠቡ፣ ማሩ ውስጥ ነከሩና ዘረጉልኝ። ሦስቴ ጠባሁ። ማሩ ሲያልቅ ዝገት ዝገት አለኝ፤ የበርሜሉ ነበር። ምስክሮቹ "ቀስ በል፣ እንዳትነክሳቸው!" እያሉ ይንከተከታሉ። የሽማግሌው ዓይን ግን እንባ አቅርሯል።

ጥላውንማ በሕልሜም አላየሁት። ከማግስቱ ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ በከዘራ ይቀሰቅሱኝ ጀመር። "ሌላው ቢሰንፍ የራሱ ጉዳይ፤ የኔ ልጅ ሰነፍ ሲባል አልሰማም!"

ወባ የጣለኝ ጊዜ ግን ራኩባዋን ለኔ ለቀው እሳቸው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሱዳናዊው ወኪል "ደ ወለደክ?" አላቸው፤ ልጅህ ነው ወይ ማለቱ ነው። "አይዋ፣ ልጄ ነው!" ሲሉ በትኩሳቴ ውስጥ ሰማሁ። ሰው በኔ ኮርቶ ሲናገር ያኔ ሰማሁ፣ አልተደገመም።

አጨዳው ሲያልቅ አገራቸው ገቡ። "ለፋሲካ እመጣለሁ" አልኳቸው። አንዱ ፋሲካ አለፈ፣ ሁለተኛውም። በሦስተኛው ዓመት አንድ መንገደኛ መጥቶ "አባትህ ታመዋል፣ ና ብለውሃል" አለኝ። ጓደኞቼ ተቀምጠው ነበርና ማሳቅ አማረኝ።

"የትኛው አባቴ? የተቀበረው ነው የተጠባው?"

ሳቁልኝ። መንገደኛው አልሳቀም። ነገ እሄዳለሁ፣ ሰሊጡ ይግባና እሄዳለሁ ስል ቀረሁ።

ወሬውን ግን አልተውኩትም፤ ሱቅ ከፍቼም ለደንበኛ ማሳቂያ አድርጌው ኖርኩ። አምና አንዲት ከአርማጭሆ የተሻገረች ሴት ሳሙና ልትገዛ ገብታ ሳወራው ሰማች። ደንበኛው እየሳቀ ወጣ። እሷ ቆማ ቀረች። ለካ የሽማግሌው የእህት ልጅ ናት።

"ልጃቸው አንተ ነሃ" አለችኝ።



ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ መለሰችው። "'ልጄ መንገድ ላይ ነው፣ ሳይደርስ እንዳትቀብሩኝ' ብለው ነበር" አለች። "ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅንህ። ቄሶቹ ሲቸኩሉብን፣ ልጅ መቃብር ላይ የሚጥለውን አፈር እኔ ባንተ ስም ጣልኩልህ፣ ወንድሜ።"