ጋሼ የሚቆሙባት ቦታ

አጎቴን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ኮሌጅ ውስጥ አሎሎና ዲስከስ ውርወራ አሠለጠኑ። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ከሩጫ ሌላ ስፖርት ያለ አይመስለውም። ጉለሌ፣ እዚሁ ሰፈራችን እንኳ፣ «የትኛውን ሯጭ ነው ያወጡት?» የሚላቸው አይጠፋም ነበር። «የእኔዎቹ ቆመው ነው የሚያሸንፉት» ይሉና ይስቃሉ።

እኔንም አሠልጥነውኛል። ሌላው አሠልጣኝ ከወርዋሪው አጠገብ ይቆማል። ጋሼ ግን አሎሎው ባለፈው ካረፈበት አንድ እርምጃ አልፈው፣ ፊት ለፊት ይቆሙና «በይ፣ እኔ ጋ አድርሺው!» ይላሉ። ባለቤታቸው «አንድ ቀን ጉድ ትሆናለህ!» እያሉ ቢቆጧቸውም አልሰሙም። አንድ ጠዋት የወረወርኩት አሎሎ ከጫማቸው ፊት ዱብ ብሎ አፈር አለበሳቸው። እኔ በድንጋጤ ክው ስል እሳቸው ሱሪያቸውን እያራገፉ፣ «ጎሽ የኔ ልጅ! ከቦታዬ አስነሣሽኝ» አሉና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ከዚያች እርምጃ ሌላ ሙገሳ አያውቁም ነበር። እኛም ሌላ አላማረንም።

አርባቸው ዕለት ከቁስቋም ስንመለስ ተማሪዎቻቸው «ሜዳው ጋ ደርሰን እንምጣ» አሉ። ሄድን። ከመካከላቸው አንዷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አሎሎውን አንገቷ ሥር አስጠግታ ወረወረችው። ደርሳበት የማታውቀው ቦታ ላይ ወደቀ።

ማንም አላጨበጨበም። ሁላችንም እዚያው እንዳፈጠጥን፣ የሚራመድ ሰው እንጠብቅ ነበር።