ቲቸር ሙሉ እና የብርቱካን ልጣጭ

ባለፈው ሳምንት ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ብርቱካን ላጠች። ጥፍሯ ልጣጩን ሲበሳው ሽታው መኪናውን ሞላው። ቲቸር ሙሉ ትዝ አለችኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተማረችን እሷ ናት። ከወሎ ተመድባ የመጣች፣ ቀጭን፣ ዝግ ብላ የምትናገር ወጣት ነበረች። አንድ ቀን የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ዲስቲሌሽን፣ ማለትም ፈሳሽን አፍልቶ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ መለየት፣ እንዴት እንደሚሠራ እያሳየን ሳለ መብራት ጠፋ። ላብራቶሪ የሚባለው ክፍላችን ውስጥ ያለው የተሰባበረ ወንበር ብቻ ነው። ቲቸር ሙሉ የጠቆረውን ስክሪን ጥቂት አየችና እኛው ራሳችን እንደምንሠራው ነገረችን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ጭማቂ ቤት የሚጣለውን የብርቱካን ልጣጭ በማዳበሪያ ከረጢት ትሰበስብ ጀመር። ለጠየቃት ሁሉ ልጣጩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች ዘይት የቋጠሩ መሆናቸውን፣ ዘይቱም ለሳሙና ሽታ እንደሚሆን፣ ጉንዳንም እንደሚያባርር ታስረዳለች። የቸገራት ዘይቱን የምታወጣበት ዕቃ ነበር። አረቄ የሚያወጣ ሰው የምናውቅ እንደሆነ ክፍሉን ስትጠይቅ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እናቴ እትዬ አየለች ያሳደገችኝ አረቄ እያወጣች ነው።

ቲቸር ሙሉ በዚያው ዕለት ቤታችን መጣች። እናቴ ደነገጠች፤ ፊደል እንኳ እንደማትቆጥር ነገረቻት።

«እኔ በመጽሐፍ አነበብኩት እንጂ ሠርቼው አላውቅም» አለቻት ቲቸር ሙሉ። «የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ዓርብ ጠዋት እናቴ ዘይቱን ልታወጣልን የአረቄ እንስራዋን አዝላ ትምህርት ቤቱ ግቢ ስትገባ ዳይሬክተሩ አዩዋት። የአረቄ ዕቃ ትምህርት ቤት እንዴት ይገባል ብለው ተቆጡ፤ ይዛው እንድትመለስም አዘዙ። እናቴ ለመመለስ ዞራ ነበር። ቲቸር ሙሉ ክንዷን ያዘቻትና ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ ብላ በወረቀት ጽፋ፣ ፈርማ ለዳይሬክተሩ ሰጠቻቸው።

እናቴ የተከተፈውን ልጣጭ ከውሃ ጋር እንስራው ውስጥ ጨመረች፤ አፉን በጭቃ መረገች፤ እንፋሎቱ የሚወጣበትን መቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ጠርሙስ አስገባች። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። በኋላ ግን እሳቱ በዝቷል፣ ቀንሱ እያለች ታዝዘን ጀመር፤ የሳቁብኝም ልጆች ታዘዙ። ረፋዱ ላይ ጠርሙሱ ውስጥ ከተጠራቀመው ውሃ በላይ ስስ ቢጫ ዘይት ተንሳፈፈ። ቲቸር ሙሉ የሙከራውን ሪፖርት እዚያው ሞላች፤ «አስተማሪ» በሚለው ቦታ ላይ የጻፈችው የእናቴን ስም ነው። ቅጂውንም ለእናቴ ሰጠቻት።

በዓመቱ መጨረሻ ቲቸር ሙሉ ወደ ቢታ ገነት ተዛወረች። ምክንያቱ ያ የፈረመችው ወረቀት ይሁን ወይስ ሌላ፣ ማንም አልነገረንም። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

እናቴ በሪፖርቱ ቅጂ ላይ ስሟ የቱ ጋ እንደተጻፈ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ክረምቱን ሙሉ በከሰል፣ በእርሳስ፣ ባገኘችው ነገር እሱን እያየች ገለበጠች። ዛሬ ቀበሌ ስትሄድ በጣት አሻራ አትፈርምም። ስሟን ትጽፋለች፤ «ለ» ላይ ስትደርስ ፊደሏ ወደ ግራ ታጋድላለች። ቲቸር ሙሉ እንደዚያ ነበር የምትጽፈው።